የሕፃኑ ጨርቅና የእናቱ እጅ

ልደታ በአዲስ አበባ ከተማ የሚገኝ የቆየ ሰፈር ነው። ዛሬ የአንድ ክፍለ ከተማም ስም ሆኗል። ስሙ የመጣው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ልደታ ማለት ልደቷ፣ መወለዷ ማለት ነው።

በድሮው ልደታ ብዙው ቤት የጭቃ ቤት ነበር። በአንድ ጊቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ይኖር ነበር። ቧንቧው የጋራ፣ መጸዳጃ ቤቱ የጋራ፣ የልብስ መስጫው ገመድም የጋራ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ብዙዎቹ ቤቶች ፈረሱ። በቦታቸው ኮንዶሚኒየም የሚባሉ ፎቅ ቤቶች ተሠሩ።

ቤቱ ተለወጠ እንጂ ሕፃን ያው ሕፃን ነው። በጭቃ ቤት ተወለደ በፎቅ፣ ይጠባል፤ ይተኛል፤ ይሸናል፤ ካካ ይላል። ስለዚህ በልደታ ዛሬም በረንዳ ላይ የሕፃን ጨርቅ ተሰጥቶ ይታያል። ሌላው ደግሞ ከሱቅ ዳይፐር ይገዛል።

የከተማዋ እናት ውሃ በፈረቃ ይመጣላታል። የገጠሯ እናት ውሃ ከምንጭ ተሸክማ ታመጣለች። ሁለቱም ውሃ መቆጠብ አለባቸው። የሁለቱም ሕፃን ግን ንጹሕ ጨርቅ ይፈልጋል። ታዲያ ይህን ጨርቅ እንዴት እንያዘው? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

«የሕፃን ካካ ምን አለው?»

በብዙ ቤት እንዲህ ሲባል እንሰማለን። «የሕፃን ካካ ምን አለው? የሚጠባው እኮ ወተት ነው!» ይባላል። አባባሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ግን ትክክል አይደለም።

ተላላፊ በሽታ ያለበት ሕፃን ዐይነ ምድሩ ውስጥ ብዙ ተሕዋስያን አሉ። ተሕዋስያን በዐይን የማይታዩ፣ በሽታ የሚያመጡ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የሕፃን ዐይነ ምድር ከአዋቂ ዐይነ ምድር ያላነሰ አደገኛ ነው።

ተሕዋስያኑ እግር የላቸውም። እኛ ነን የምናመላልሳቸው። መንገዳቸውም ይህ ነው፦

እናት የልጇን መቀመጫ ትጠርጋለች። እጇን በቀሚሷ ታብሳለች። ከዚያ ሊጥ ታቦካለች፤ ወይም ለትልቁ ልጅ ታጎርሳለች። በሽታው ከጨርቅ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ ሄደ ማለት ነው።

ወይም ደግሞ የቆሸሸው ጨርቅ ጥግ ላይ ተጥሎ ይውላል። ዝንብ ያርፍበታል። ያው ዝንብ ተነሥቶ እንጀራው ላይ፣ ወተቱ ላይ፣ የልጁ ዐይን ላይ ያርፋል። የዐይን ማዝ ወይም ትራኮማ የሚባለውን በሽታ የምታዛምተዋ ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዐይነ ምድር ነው። በአማራ ክልል ትራኮማ ብዙ ሰው አሠቃይቷል። ብዙ ሰውም ዐይኑን አጥቶበታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ተቅማጥ ነው። ሕፃን ትንሽ ነው። በሰውነቱ ያለው ውሃም ትንሽ ነው። ተቅማጥ ያንን ውሃ አሟጦ ያወጣዋል። ልጁ በአንድ ቀንና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በተቅማጥ ይሞታሉ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ይባላል። እውነቱን እንነጋገር። ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም። በንጹሕ ጨርቅና በንጹሕ እጅም ያድጋል።

ምን ዓይነት ጨርቅ?

ጥሩ የሽንት ጨርቅ ውሃ የሚጠጣ፣ ለስላሳና በቶሎ የሚደርቅ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ጥጥ ነው። ያረጀ ነጠላ፣ ያረጀ የጥጥ አንሶላ፣ ያረጀ ካናቴራ ሁሉ ይሆናል። የቆየ ጨርቅ በማጠብ ብዛት ለስልሷል። ስለዚህ ለሕፃን ገላ ይመቻል።

አዲስ ጨርቅ ብትገዙ አቡጀዲ ጥሩ ነው። ግን አዲስ አቡጀዲ ደረቅ ነው፤ ውሃም ቶሎ አይጠጣም። ልጁን ከማልበሳችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ እጠቡት።

ናይለን አይሆንም። ናይለን ሽንት አይጠጣም፤ ገላም ያቃጥላል። ጨርቁን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉበት። ውሃው ቶሎ ከገባ ጨርቁ ጥሩ ነው። ውሃው ላዩ ላይ ከተንከባለለ አይረባም።

መጠኑ በሁሉም ጎን አንድ ክንድ ተኩል ያህል ይሁን። ማለት 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩን ስፉት፤ አለበለዚያ ክሩ ይተረተራል። የተተረተረ ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ ሊጎዳው ይችላል።

ብዛቱስ? በየቀኑ ለሚያጥብ ሰው ቢያንስ 12 ጨርቅ ያስፈልጋል። በሁለት ቀን አንዴ ለሚያጥብ ከ20 እስከ 24 ቢሆን ይመረጣል። በክረምት ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም። ስለዚህ ለክረምት ጨመር አድርጉ።

አስተሳሰሩ

ጨርቁን ዘርጉት። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እጠፉትና ሦስት ማዕዘን አድርጉት። ሌላ ትንሽ ጨርቅ ደግሞ ረዘም አድርጋችሁ አጥፉና መካከሉ ላይ አኑሩት። ብዙውን ሽንት የሚጠጣው ይህ የመካከለኛው ጨርቅ ነው።

ሕፃኑን በጀርባው አስተኙት። የታችኛውን ጫፍ በእግሮቹ መካከል ወደ ሆዱ መልሱት። ከዚያ የግራውንና የቀኙን ጫፍ በላዩ አምጥታችሁ እሰሩት። መርፌ ቁልፍ የምትጠቀሙ ከሆነ እጃችሁን በጨርቁና በልጁ ገላ መካከል አስገቡ። መርፌው ቢስት እናንተን ይውጋ እንጂ ልጁን አይውጋ።

ሦስት ነገር ደግሞ አስተውሉ።

አንደኛ፣ አታጥብቁት። ሁለት ጣት በጨርቁና በሆዱ መካከል መግባት አለበት።

ሁለተኛ፣ እትብቱ ገና ያልወደቀ አራስ ልጅ ከሆነ ጨርቁን ከእምብርቱ በታች እሰሩት። ሽንት እምብርቱን ማርጠብ የለበትም። በእምብርቱ ላይ እበት ወይም ቅቤ አታድርጉ። በእበትና በአፈር ውስጥ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ገዳይ በሽታ ተሕዋስ አለ።

ሦስተኛ፣ የሕፃኑን እግሮች አቃንታችሁ አትሰሩ። ገና የተወለደ ልጅ የዳሌው መገጣጠሚያ አልጠነከረም። እግሩ ተዘርግቶ ሲታሰር መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። ሕፃን እግሮቹን አጥፎና ከፈት አድርጎ ሲቀመጥ ይሻለዋል። እናቶቻችን ልጅ ሲያዝሉ እግሮቹ ወገባቸውን አቅፈው ይይዛሉ። ይህ ጥሩ ልማድ ነው።

በጨርቁ ላይ የላስቲክ ከረጢት ወይም ፌስታል አትሰሩ። ላስቲክ አየር አያስገባም። ሽንቱ ታፍኖ ገላውን ያቃጥለዋል። ፌስታል ደግሞ የሕፃን አፍና አፍንጫ ላይ ከወጣ ያፍነዋል።

ጨርቁ ይናገራል

ሕፃን አፍ የለውም። ያልበቃውን «አልበቃኝም»፣ ያመመውን «አመመኝ» አይልም። ጨርቁ ግን ይናገርለታል። ጨርቁን ማንበብ እንልመድ።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተወለደ ከአምስት ቀን በኋላ በቀንና በሌሊት ቢያንስ ስድስት ጊዜ ጨርቅ ያረጥባል። ስድስት ጨርቅ ከረጠበ ወተቱ በቅቶታል ማለት ነው። ከዚያ ካነሰ፣ ሽንቱም ከጠቆረ፣ ልጁ በደንብ አልጠባም። ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ወደ ጤና ጣቢያም ሄዳችሁ አማክሩ። «ወተቴ አልበቃውም» ብላችሁ ግን ውሃ ወይም የላም ወተት ለመስጠት አትቸኩሉ። እስከ ስድስት ወር የሚሰጠው የእናት ጡት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዐይነ ምድር ጥቁርና የሚያጣብቅ ነው። እናት ትደነግጣለች፤ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም። ከአራት አምስት ቀን በኋላ ቢጫና ቀጭን ይሆናል። ይህም ደኅና ነው። ደም ከታየበት ግን፣ ወይም እንደ ነጭ ጭቃ ከነጣ፣ ውላችሁ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ጨርቁ እንደ ረጠበ ወዲያው ቀይሩ። ካካ ካለ አንድ ደቂቃም አታቆዩት። መቀመጫውን በለብ ያለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ እጠቡ። ሴት ልጅ ከሆነች ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ። ከኋላ ወደ ፊት ከተጠረገ ቆሻሻው ወደ ሽንት መውጫዋ ይገባል። ደኅና አድርጋችሁ አድርቁና ሌላውን እሰሩ።

አስተጣጠቡ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ።

1. ዐይነ ምድሩን በመጀመሪያ ወደ መጸዳጃ ቤት አራግፉ። ወደ ጓሮ ወይም ወደ ሜዳ አትጣሉ። መጸዳጃ ቤት ከሌለ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

2. ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። በመጀመሪያ ሙቅ ውሃ ካገኘው ቆሻሻው ጨርቁ ላይ ይያዛል፤ አይለቅም።

3. ወዲያው ካላጠባችሁት ክዳን ባለው ባልዲ አስቀምጡት። ክዳኑ ዝንብ ይከለክላል። ከአንድ ቀን በላይ አታሳድሩት። ውሃ ያለበትን ባልዲ ዳዴ የሚል ልጅ ከሚደርስበት አርቁ። ሕፃን በጥቂት ውሃ ውስጥ በግንባሩ ከወደቀ ሊሞት ይችላል።

4. በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ። ለዚህ ሥራ የተለየ ሳፋ ይኑራችሁ። የሕፃን ጨርቅ የሚታጠብበት ሳፋ ሊጥ አይቦካበት፤ ሥጋም አይቀመጥበት።

5. ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቁ። ውሃው አረፋ እስኪያጣና እስኪጠራ ድረስ ቀጥሉ። ጨርቁ ላይ የቀረ ሳሙና የሕፃኑን ገላ ያቃጥላል። ዱቄት ሳሙና ስለ በዛ ጨርቁ ይበልጥ አይጠራም። ለማለቅለቅ ብዙ ውሃ ይፈጃል እንጂ።

6. በሳምንት አንዴ ቀቅሉት። ልጁ ተቅማጥ ይዞት ከሆነ በየጊዜው ቀቅሉት። የፈላ ውሃ ተሕዋስያንን ይገድላል።

በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ጥቂት ይበቃል። ሽንቱ አስቀድሞ በውሃ ይታጠብ። በረኪናና ሽንት ሲገናኙ መጥፎ እንፋሎት ይወጣል፤ ሳንባ ይጎዳል። ከበረኪና በኋላ ደጋግማችሁ አለቅልቁ።

ውሃ ሲያጥር

አሁን እንደገና ልደታን እንመልከት። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ባለ ቤቱ በጀሪካንና በበርሜል ያጠራቅማል። እያንዳንዱ ጀሪካን ይቆጠራል። ብልኋ እናት የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ አትደፋም። ለሚቀጥለው እጥበት የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ታደርገዋለች። ሽንት ብቻ ያለበትንና ካካ ያለበትን ጨርቅ ለይታ ታስቀምጣለች። ሽንት ያለበት ቀድሞ ይታጠባል፤ ካካ ያለበት በኋላ ይታጠባል። በዚህ ዘዴ ውሃ ይቆጠባል። ይህን ዘዴ በገጠርም መሥራት ይቻላል።

ወንዝ ወርዶ በውሃው ውስጥ መዘፍዘፍ ግን ጥሩ አይደለም። ለናንተ የታችኛው ወንዝ ለሌላው የላይኛው ነው። እናንተ ከምታጥቡበት በታች የሚቀዳ ሰው አለ። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ ይወርዳሉ። በዚያ ውሃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ከተማው ያጠበው ቆሻሻ በጎመን ተመልሶ ወደ ከተማው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ውሃውን በሳፋ ቀድታችሁ ከወንዙ ራቅ ብላችሁ እጠቡ። እጣቢውን ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ርቆ በተቆፈረ ጉድጓድ ወይም በመጸዳጃ ቤት ድፉት።

ስለ እንዶድ

ሳሙና ባልነበረበት ዘመን እናቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ዛሬም በእንዶድ የሚያጥብ አለ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ነጭ ልብስ ያጠራል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት ዓድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ያጠኑ ነበር። ቢልሃርዝያን የሚያዛምተው በውሃ ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። አክሊሉ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ። እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። በፈረንጆች 1989 ዓ.ም. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የልብስ አጣቢ ሴቶች ልማድ ለሳይንስ ትልቅ ነገር አስገኘ። ሁለተኛው፣ እንዶድ ኃይለኛ ነው። ቢውጡት መርዝ ነው። ዐይንም ያቃጥላል። የሕፃን ጨርቅ በእንዶድ ካጠባችሁ ደጋግማችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ፍሬውን ከልጆች አርቁ። እጣቢውን ዓሣ ባለበት ውሃ ውስጥ አትድፉ።

ፀሐይ ነፃ ሐኪም ናት

የታጠበ ጨርቅ በፀሐይ ይሰጣ። ፀሐይ ጨርቁን ታደርቃለች፤ ተሕዋስያንን ታዳክማለች፤ ሽታ ታጠፋለች፤ ብዥታንም ታነጣለች። ለዚህ ሁሉ ዋጋ አትጠይቅም።

ጨርቁን መሬት ላይ ወይም ሣር ላይ አትስጡት። አፈር ይነካዋል፤ ዶሮና ውሻም ይረግጠዋል። በአንዳንድ ሞቃት አገር ደግሞ በእርጥብ ልብስ ላይ እንቁላል የምትጥል ዝንብ አለች። እጩ ወደ ገላ ገብቶ እንደ ብጉንጅ ያብጣል። ስለዚህ በገመድ ላይ ስጡ። በክረምት፣ ወይም ፀሐይ በማይገባበት ቤት፣ በካውያ ተኩሱት።

የደረቀውን ጨርቅ አጥፋችሁ በንጹሕ ቦታ አኑሩት። ለብል ተብሎ የሚቀመጠውን ሽታ ያለው ነጭ ክኒን ከሕፃን ልብስ ጋር አታስቀምጡ። የአንዳንድ ሕፃናትን ደም ይጎዳል።

መቀመጫው ሲቀላ

የሕፃን መቀመጫ አንዳንድ ጊዜ ይቀላል፤ ሽፍ ይላል። ይህ የሚመጣው ገላው ርጥበት ላይ ሲቆይ፣ ሽንትና ካካም ሲቀላቀሉበት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። በውሃ ብቻ እጠቡ። በቀን ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ያለ ጨርቅ አስተኙትና አየር ያግኘው። ከዚያ ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ ቀቡት።

ዱቄት አትነስንሱበት። ዱቄቱ ወደ ሳንባው ይገባል። በተላጠ ገላ ላይ ቅቤ፣ ቅጠልም ሆነ አመድ አታድርጉ። በሁለት በሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ወይም በገላው እጥፋት ውስጥ በጣም ቀልቶ በዙሪያው ነጠብጣብ ካወጣ፣ ወይም ከቆሰለ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ተቅማጥ ሲይዘው

ጡት አታቋርጡ። እንዲያውም ጨምሩለት። ከጤና ኬላ ወይም ከመድኃኒት ቤት ሕይወት አድን ቅመም አምጡ። ብዙ ሰው ኦ.አር.ኤስ. ይለዋል። በፓኬቱ ላይ ስንት ውሃ እንደሚጨመር ተጽፏል። አሁን ማንበብ ስለምትችሉ ራሳችሁ አንብቡት። ውሃው ካነሰም ከበዛም ጥሩ አይደለም። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡት። በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት። አንድ ቀን ያደረውን ድፉና ሌላ በጥብጡ። ሐኪሙ ዚንክ የሚባለውን እንክብል ከሰጣችሁ፣ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘውን ጨርሱ።

ዐይኑ ከጎደጎደ፣ ሲያለቅስ እንባ ከሌለው፣ ከደከመና መጥባት ካቃተው፣ ዐይነ ምድሩ ደም ካለበት አትጠብቁ። ወዲያው ወደ ሐኪም ሩጡ።

ተቅማጥ ከሚያመጡት አንዱ ሮታ ቫይረስ ይባላል። የሮታ ክትባት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ይሰጣል። ሕፃናችሁን በወቅቱ አስከትቡ።

እጅ መታጠቢያ አምስት ጊዜ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደጋግመው የሚያስተምሩት ነገር አለ። እጅ በሳሙና የሚታጠበው መቼ ነው? ከመጸዳጃ ቤት መልስ፣ የሕፃን መቀመጫ ከጠረጉ በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀት በፊት፣ ከመብላት በፊት፣ ልጅ ከማጉረስና ከማጥባት በፊት ነው። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ አመድ ይሠራል።

ውሃ እንዳይባክን ትንሽ ጀሪካን ውሰዱ። ከታች ጎኑን በሚስማር ብሱና በእንጨት ውተፉት። በመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ አንጠልጥሉት። እንጨቱ ሲነቀል ውሃው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እጅ ለመታጠብ ጥቂት ውሃ ይበቃል።

ስለሚገዛው ዳይፐር

ተጠቅመው የሚጥሉት ዳይፐር በዓለም ገበያ ከተስፋፋ ረጅም ዘመን አይሆነውም። ፓምፐርስ የተባለው በአሜሪካ የወጣው በፈረንጆች 1961 ዓ.ም. ነው። የብዙዎቻችን አያቶች ያደጉት በጨርቅ ነው። ስለዚህ ጨርቅ መጠቀም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ዳይፐር መጥፎ ነው አንልም። ለመንገድ ይመቻል፤ ለሌሊትም ያገለግላል። በልደታ ቤት ሲውሉ ጨርቅ፣ ሲወጡ ዳይፐር የሚያደርጉ እናቶች አሉ። ግን ዳይፐር በየቀኑ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዘብ ያጠራት እናት አንዱን ዳይፐር ቀኑን ሙሉ ታውለዋለች። ያኔ መቀመጫው ይላጣል። ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ጨርቅ ቀኑን ከሚውል ዳይፐር ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። ዳይፐር ውስጥ ላስቲክ ስላለ ቶሎ አይበሰብስም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለብዙ ዓመታት ቆሼ በሚባል ቦታ ሲከመር ኖሯል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተናደ። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን ያመጣው ዳይፐር ነው ማለታችን አይደለም። ግን «ጣልኩት» ያልነው ነገር ሁሉ የትም አይጠፋም። አንድ ቦታ ይከመራል።

በገጠር ደግሞ ቆሻሻ የሚሰበስብ መኪና የለም። ዳይፐር መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ከተጣለ ጉድጓዱን ቶሎ ይሞላዋል። ሜዳ ላይ ከተጣለ ውሻ ይጎትተዋል። ዳይፐር ከተጠቀማችሁ ካካውን ወደ መጸዳጃ ቤት አራግፉ። ዳይፐሩን ጠቅልላችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩ።

ሥራው የማን ነው?

አራስ ወገቧ አልጠናም። ውሃ መቅዳት፣ ማጠብ፣ ማስጣት፣ ማጥባት ሁሉ በእሷ ላይ ከወደቀ ትደክማለች። ስትደክም ጨርቁ ይከማቻል። ጨርቁ ሲከማች ልጁ ይታመማል። እንግዲህ አባት ውሃ ቢቀዳ፣ ገመድ ቢዘረጋ፣ ጨርቅ ቢያጥብ ምን ይጎድልበታል? ልጁ የሁለቱም ነው። የታመመ ልጅ ይዞ ሐኪም ቤት መንከራተት ከዚህ ሁሉ ይከብዳል።

አያቶችም ብዙ ያውቃሉ። ልጅን በሰዓቱ ሽንት ማሸናት የአያቶች ጥበብ ነው። በዚህ ብዙ ጨርቅ ይተርፋል። ልጁ ዓመት ተኩል ሁለት ዓመት ሲሞላው ፖፖ ላይ አስቀምጡት። ሳትቆጡት አለማምዱት። ፖፖውም እንደ ጨርቁ ወደ መጸዳጃ ቤት ይደፋ፤ ይታጠብም።

አማት «እኛ እኮ እንዲህ አድርገን ነው ያሳደግናችሁ» ካሉ አትከራከሩ። «እውነት ነው እማማ፤ እርስዎ ያሳዩኝን ሠራሁ፤ ሳሙናዋን ብቻ ጨመርኩ» በሏቸው። ከዚያ ይህን ጽሑፍ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!

ተወያዩበት

1. የሕፃን ዐይነ ምድር ለምን አደገኛ ነው?
2. የቆሸሸ ጨርቅ በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ የሚለቀለቀው ለምንድን ነው?
3. ከተወለደ አምስት ቀን ያለፈው ሕፃን በቀንና በሌሊት ስንት ጨርቅ ያረጥባል?
4. በመንደራችሁ የሕፃን ጨርቅ የሚታጠበው የት ነው? ከዚያ በታች ውሃ የሚቀዳ ማን አለ?